ውሻ በበላበት ይጮኻል

በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች የምክር ቤት ስብሰባ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። የፖሊስ አዛዡ ተነሥቶ መምሪያው ውሻ እንደሚያስፈልገው ያስረዳል። አንዱ የምክር ቤት አባል ወጪውን ይጠይቃል። አዛዡም «ከከተማው ካዝና አንድ ሳንቲም አይወጣም፤ በግራንት ነው የምንገዛው» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም። እጅ ይወጣል፣ ይጸድቃል፣ ከውሻው ጋር ፎቶ ይነሣሉ።

ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። «ነፃ ነው» የሚል ቃል ሲሰማ ዋናዎቹ ጥያቄዎች ሳይነሡ ይቀራሉ። ውሻው ምን ሊሠራ ነው? ሲሳሳት ማን ይመዘግባል? የግራንቱ ገንዘብ ሲያልቅስ ማን ያበላዋል?

በመጀመሪያ ነገር ነፃ ውሻ የለም። ግራንቱ በአብዛኛው የሚሸፍነው መግዣውን፣ የመጀመሪያ ሥልጠናውንና የፓትሮል መኪናውን ማዘጋጃ ነው። ቀለቡ፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ በየወሩ የሚደገመው ሥልጠናና ኢንሹራንሱ ለዓመታት ይቀጥላሉ። ውሻውን የያዘው ፖሊስ ቤቱ ወስዶ ሲንከባከበው የሚያጠፋው ሰዓትም በፌዴራሉ የሥራ ሕግ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው።

ሕግ ሲለወጥ ደግሞ ውሻው ራሱ ከሥራ ሊወጣ ይችላል። ካናቢስ ለአዋቂዎች በቨርጂኒያ በ2021፣ በሜሪላንድ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲፈቀድ፣ ያንን ሽታ የተማረ ውሻ ችግር ሆነ። ምልክት ሲሰጥ ያሸተተው የተፈቀደውን ይሁን የተከለከለውን ለይቶ መናገር አይችልም። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 እንዲህ ያለ ውሻ መኪና እንዲያሸት ማድረግ ራሱ ፍተሻ ስለሆነ በቂ ምክንያት ያስፈልገዋል ብሎ ወሰነ። በየቦታው ውሾች ጡረታ ወጡ። የተተኪውን ሒሳብ ለጋሹ አልመጣም ሊከፍል።

ታዲያ ግራንቱ ሲያልቅ መምሪያው ገንዘብ ከየት ያመጣል? አንዱ ምንጭ ከሰው የሚወረሰው ንብረት ነው። በፌዴራሉ መንግሥት የመጋራት አሠራር፣ የአካባቢ ፖሊስ በተሳተፈበት ጉዳይ ከተወረሰው ገንዘብ እስከ 80 በመቶ ሊደርሰው ይችላል። በፍትሐ ብሔር ውርስ ደግሞ ባለቤቱ በወንጀል መፈረድ አይኖርበትም። አባቶች «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ውሻው ገንዘብ ላይ ሲጮኽ የሚበላው መምሪያው ከሆነ፣ ጩኸቱን የሚጠራጠር ከየት ይገኛል?

ይህ ወሬ አይደለም። በ2003 ነብራስካ ውስጥ ፖሊስ አንድ ሰው በአውራ ጎዳና ላይ አስቁሞ 124,700 ዶላር ወሰደበት። መኪናው ውስጥ ዕፅ አልተገኘም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2006 የውሻውን ምልክት፣ ሰውየው መጀመሪያ ገንዘብ አልያዝኩም ማለቱንና ሌሎች ሁኔታዎችን ደምሮ ገንዘቡ እንዲወረስ ፈቀደ።

የኛ ሰው ይህን ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል። የእቁብ ዕጣ የደረሰው፣ መኪና ለመግዛት ጥሬ ገንዘብ ይዞ ወደ ሌላ ግዛት የሚነዳ ወገን ጥቂት አይደለም። ገንዘብ መያዝ ወንጀል አይደለም። ውሻ ከጮኸበት በኋላ ግን ገንዘቡን ለማስመለስ የሚሟገተው እሱ ነው፤ በእንዲህ ያለ ጉዳይ መንግሥት በአብዛኛው ጠበቃ አያቆምለትም።

«ውሻ አይዋሽም» ይባላል። አዎ፣ አይዋሽም። የጌታውን ፊት ግን ያነባል። በ2011 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች 18 የፖሊስና የውሻ ጥንዶችን ዕፅም ፈንጂም በሌለበት ሕንፃ አስፈተሹ። ለፖሊሶቹ ግን ሽታው ሊኖር እንደሚችል ነገሯቸው። ከ144 ፍተሻዎች ያለ ሐሰተኛ ምልክት የተጠናቀቁት 21 ብቻ ነበሩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2013 በፍሎሪዳው የአልዶ ውሻ ጉዳይ፣ ውሻው መንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ የሚያሳይ መዝገብ የግድ መቅረብ የለበትም አለ። ፍርድ ቤት ካልጠየቀ መጠየቅ የሚችለው ገና እጁን ያላወጣው ምክር ቤት ነው።

ደጋፊዎቹ የጠፋ ሕፃን፣ መንገድ የጠፋባቸው አዛውንት በውሻ ተገኝተዋል ይላሉ። እውነት ነው፤ ይህን የሚቃወም የለም። እንግዲያው ሰው የሚፈልግ ውሻ ይገዛ። ችግሩ ሕፃን ፍለጋ ተብሎ የሚጠየቀው ውሻ ብዙ ጊዜ ዕፅ እንዲያሸትና ሰው እንዲነክስ የሠለጠነ መሆኑ ነው። የፍትሕ ሚኒስቴር በ2015 ባወጣው የፈርጉሰን ሪፖርት፣ ዘራቸው በተመዘገበባቸው የንክሻ ጉዳዮች ሁሉ የተነከሱት ጥቁሮች ነበሩ። ከሐበሻ ቤት የወጣ ልጅ እዚያ መንገድ ላይ ሲሮጥ ቢገኝ፣ ወላጆቹ ከየት እንደመጡ ውሻው አይጠይቀውም።

«ድሃ ከተማ ያለ ግራንት ከየት ያመጣል?» የሚሉም አሉ። ሊያበላው የማይችል ከተማ ሊያስተዳድረውም አይችልም። ግራንት መቀበል ነውር አይደለም፤ ሳይጠይቁ መቀበል ነው ነውሩ። ከመጽደቁ በፊት የውሻው የዕድሜ ልክ ወጪ በበጀት ይጻፍ። እያንዳንዱ ምልክትና ንክሻ ተመዝግቦ በየዓመቱ ለሕዝብ ይውጣ። የሚወረስ ገንዘብም ከፖሊስ እጅ ይራቅ፤ ኒው ሜክሲኮ በ2015 የፍትሐ ብሔር ውርስን አስቀርታ፣ በወንጀል ፍርድ የሚወረሰው ገንዘብ ወደ ግዛቲቱ ጠቅላላ ካዝና እንዲገባ አድርጋለች።

ምክር ቤቶች ለነዋሪ የመናገሪያ ደቂቃ ይሰጣሉ። የኛ ሰው ግን ግብር ይከፍላል እንጂ እዚያ ወንበር ላይ ብዙም አይታይም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ «ማን ነው የሚያበላው?» ይበል። ውሻው በሕዝብ በጀት ከበላ፣ ለሕዝብ ይጮኻል።