ማንም በማያየን ጊዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ልጆች፤ ዛሬ አንድ ጥያቄ እጠይቃችኋለሁ። እጃችሁን አውጥታችሁ እንድትመልሱ አልፈልግም፤ በልባችሁ ብቻ መልሱት። እውነተኛ ክርስቲያን መሆናችሁን በምን ታውቃላችሁ?

‹‹አንገታችን ላይ ማተብ አለ፤ እሑድ ነጠላ ለብሰን እንመጣለን፤ መዝሙርም እናጠናለን›› ትሉ ይሆናል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ሰው የሚያየው ነው። እኔ እንደማምነው የእምነታችን እውነተኛነት ይበልጥ የሚታወቀው ማንም በማያየን ጊዜ በምናደርገው ነገር ነው።

የነቢዩ የኤልሳዕን አገልጋይ ግያዝን ታስታውሳላችሁ? ታሪኩ በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ተጽፏል። የሶርያ ንጉሥ የጦር አለቃ ንዕማን በዮርዳኖስ ወንዝ ሰባት ጊዜ ተጠምቆ ከለምጹ ነጻ። ስጦታ ቢያቀርብም ኤልሳዕ አልቀበልም አለ። ግያዝ ግን ልቡ ብሩን ተመኘ። ንዕማንን ተከትሎ ሮጠና ‹‹እንግዶች መጥተውብናልና ጌታዬ ብርና ልብስ ስጠኝ ብሏል›› ብሎ ዋሸ። ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ፤ በቤትም ደበቀው። ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ሰው ገብቶ በጌታው ፊት ቆመ።

ልብ በሉ ልጆች፤ ግያዝ ከሩቅ የመጣ ሰው አልነበረም። የሚኖረው ከነቢዩ ጋር ነው። ተአምራትን በዐይኑ አይቷል። ላየው ሰው ሁሉ መልካም አገልጋይ ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ ለቅዱስ ሰው ቅርብ መሆኑ ብቻ ልቡን ንጹሕ አላደረገለትም። እኛም ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ ስለሆንን ብቻ ልባችን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ኤልሳዕ ‹‹ከወዴት መጣህ?›› ብሎ ጠየቀው። ነቢዩ እግዚአብሔር ገልጦለት የሆነውን ሁሉ ያውቅ ነበር። ታዲያ እያወቀ ለምን ጠየቀ? እኔ እንደሚመስለኝ ግያዝ እውነቱን እንዲናገር በር ሲከፍትለት ነው። አዳም ከዛፎች መካከል በተሸሸገ ጊዜ እግዚአብሔር የት እንዳለ የጠየቀው ስላጣው አልነበረም። ግያዝ ግን የትም አልሄድሁም ብሎ የተከፈተለትን በር ራሱ ዘጋው። የንዕማን ለምጽም በእርሱ ላይ ሆነ።

እንግዲህ ራሳችንን የምንመረምረው ለእግዚአብሔር ያላወቀውን ለመንገር አይደለም። እርሱ ከእኛ በፊት ያውቃል። የማናውቀው እኛ ነን።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በፍልሰታ ጾም፥ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን፥ ብዙ ልጆች አስቀድሰው ይቆርባሉ። አንድ ልጅ ጠዋት ማንም ሳያየው ከማድ ቤት ዳቦ ቆርሶ በላ እንበል። ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ጓደኞቹ ለመቍረብ ተሰልፈዋል። ‹‹ብቀር ይስቁብኛል›› ብሎ አፉን ጠርጎ አብሮ ተሰለፈ። ይህ ልጅ ያፈረው ማንን ነው? ጓደኞቹን አፈረ፤ የሚቀበለውን ጌታ ግን አላፈረም። ርቦት ዳቦ መብላቱ በቀላሉ የሚታረም ነገር ነበር። ለእናቱ ወይም ለንስሐ አባቱ ‹‹ዛሬ በልቻለሁ›› ብሎ ቢናገር፥ ከሰልፉ ወጥቶ ብቻውን ቢቆም እንኳ ከተሰለፈው ይልቅ እምነቱ እውነተኛ በሆነ ነበር።

አንዳንዶች ደግሞ ‹‹እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ከሆነ መጾም፥ መስገድ፥ ማተብ ማሰር ምን ያደርጋል?›› ይላሉ። ይህ ልክ አይደለም። ማሰሮ ውስጡ ቆሸሸ ተብሎ አይሰበርም፤ ይታጠባል እንጂ። ጾማችን ማስመሰል ከሆነብን የምንተወው ማስመሰሉን ነው፤ ጾሙን አይደለም። ደግሞም ‹‹እገሌ የሚጾመው ለታይታ ነው›› እያላችሁ ጓደኞቻችሁን አትመርምሩ። የሌላውን ልብ የሚያይ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ልጆች፤ እግዚአብሔር ሁሉን ያያል ሲባል ዱላ ይዞ የሚጠብቅ ዘበኛ አይምሰላችሁ። የሚያየው ጥፋታችንን ብቻ አይደለም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ሀብታሞች ብዙ ገንዘብ ወደ መባ ሣጥን ሲጥሉ አንዲት ድሀ መበለት ሁለት ትናንሽ ሳንቲሞች ጣለች። ጌታችን ግን አየ፤ ከሁሉም ይልቅ እርሷ አብልጣ እንደሰጠች ለደቀ መዛሙርቱ ነገራቸው። እናንተም ማንም ሳያዛችሁ ለአያታችሁ ውኃ ስትቀዱ፥ ለራበው ጓደኛችሁ ምሳችሁን ስታካፍሉ፥ በብርድ ልብሳችሁ ውስጥ ሆናችሁ ስትጸልዩ እርሱ ያያል።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ማታ አቡነ ዘበሰማያት ከመድገማችሁ በፊት ራሳችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ዛሬ ሰው ስላየኝ ብቻ ያደረግሁት ምንድን ነው? ሰው ስላላየኝ ያደረግሁትስ? ነገ ማንም ሳያውቅብኝ የማደርገው መልካም ነገር ምንድን ነው? መልሱ ቢያሳፍራችሁ አትሸሹ። ለእግዚአብሔር ንገሩት፤ ከዚያም ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ግያዝ የዘጋው በር ለእናንተ ዛሬም ክፍት ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።