የመስታወቱ ጠረጴዛ እና ባለቤት የሌለው ግሥ

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ ግጥም ልጽፍ አይደለም። የምጽፈው ስለ ጠረጴዛ ነው። የዜና አንባቢው ክርኑን ስለሚያሳርፍበት የመስታወት ጠረጴዛ፣ ከጀርባው ስለሚሽከረከረው ሰማያዊ ሉል፣ ከእግሩ ሥር ስለሚያብለጨልጨው ወለል። «ይህ ደግሞ ከሥነ ጽሑፍ ጋር ምን አገናኘው?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ከቃላት ጋር የቱን ያህል የተቆራኘ እንደሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ።

የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን አዲስ ስቱዲዮ ባስመረቁ ቁጥር የምንሰማው ውዳሴ አንድ ነው፤ «እጅግ ዘመናዊ»፣ «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ»። ከኢቢሲ የሸጎሌ ሚዲያ ኮምፕሌክስ ጀምሮ እስከ ክልልና እስከ ግል ጣቢያዎች ድረስ ሪባን ይቆረጣል፤ ካሜራው በግዙፉ ስክሪን ላይ ይንሸራሸራል፤ እኛም እናጨበጭባለን። አንድ ምሽት ቤቴ ተቀምጬ የጣቢያውን አርማ በመዳፌ ሸፈንኩት፤ ድምፁንም አጠፋሁት። የቀረው ምስል የአዲስ አበባ ይሁን የዶሃ፣ የኢስታንቡል ይሁን የአትላንታ መለየት አልቻልኩም። ሰማያዊ ብርሃን፣ የሌሊት ሕንፃዎች፣ የሚሽከረከር ምድር። ዓለምን ሁሉ የሚያሳይ፣ የቆመበትን ስፍራ ግን የማይናገር ክፍል!

አንድ ክፍል በሰው ላይ ምን እንደሚሠራ በመጽሐፍ አልተማርኩትም። በሥራዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የምሠራበት ቅርንጫፍ ታደሰ። የተሰነጣጠቀው ወለል እብነ በረድ ሆነ፤ የእንጨቱ ባንኮኒ ተነሥቶ በእኛና በደንበኛው መካከል ወፍራም መስታወት ቆመ። ሥራ በጀመርን በማግሥቱ፣ ጀሞ አካባቢ ጉልት የሚሸጡ፣ ለዓመታት የማውቃቸው እናት መጡ። በሩ ላይ ቆመው ጭቃ የነካው የላስቲክ ጫማቸውን አወለቁ። ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙም ጥበቃውን «የኔ ልጅ፣ እንዲህ ሆኜ ልግባ?» ሲሉ ጠየቁት። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ «እማማ፣ ይግቡ እንጂ! ጫማዎትንም ያድርጉ» አልኳቸው። ገቡ። ግን ቀድሞ ገንዘባቸውን ሲያስቀምጡ ለምን እንደሚያጠራቅሙ የሚያጫውቱኝ፣ ሲወጡም መርቀውኝ የሚሄዱት እናት፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ደብተራቸውን በመስታወቱ ቀዳዳ አሾልከው ዝም ማለት ጀመሩ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። የተናገራቸው ክፍሉ ነው።

የዜና ስቱዲዮም እንዲሁ ነው። አንባቢው «ጤና ይስጥልኝ» ከማለቱ በፊት ክፍሉ አስቀድሞ ተናግሯል። ምን አለ? «ይህ ጉዳይ የትልልቆች ነው፤ አንተ ተቀመጥና አድምጥ» አለ። «ዋናው ዜናው ነው፤ ክፍሉ ማሸጊያ ብቻ ነው» ለሚሉኝ ወዳጆቼ መልሴን የምሻው ከቅኔያችን ነው። ሰምና ወርቅን ያወቀ ሕዝብ ሰሙን ንቆ ወርቁን ብቻ አይፈልግም። ጥሩ ባለቅኔ ለወርቁ የሚስማማ ሰም ይመርጣል፤ ሰሙ ከተበላሸ ወርቁም መልክ አይኖረውም። ስቱዲዮው የዜናው ሰም ነው። ከሌላ አገር ቅርጽ የተቀዳ ሰም ውስጥ የራሳችንን ወርቅ ልናፈስስ ስንሞክር የሚወጣው የሌላ ሰው ጌጥ ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ ልምጣ። በዚያ መስታወት ጠረጴዛ ላይ ሲነበቡ ያደግንባቸውን ግሦች አስቧቸው፤ «ተገለጸ»፣ «ተመለከተ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተወሳ»። ማን ገለጸ? ማን ጠቆመ? አይታወቅም። የአማርኛ ግሥ በተፈጥሮው ባለቤቱን የማይደብቅ ግሥ ነው። «ነገረችኝ» ባልን ጊዜ በአንዲት ቃል ውስጥ ተናጋሪዋ አለች፤ ሴት መሆኗ አለ፤ ሰሚውም አለ። «ነገሩኝ» ብንል ደግሞ ብዛት ወይም አክብሮት ይጨመርበታል። ከእንዲህ ዓይነቱ ቋንቋ አድራጊውን ለማስወጣት ድካም ይጠይቃል። ያ ድካም በየምሽቱ ይደከማል። ስፍራ የሌለው ክፍልና ባለቤት የሌለው ግሥ መንታ ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ «የት?» የሚለውን፣ ሌላው «ማን?» የሚለውን ጥያቄ ያጠፋሉ።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንባቢን ባላስቸገርኩ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ በአዲስ አበባ ከተጀመረ ወዲህ፣ ለዓመታት በስማቸው የማውቃቸው ደንበኞች ሂሳባቸውን ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ለማዛወር ሲመጡ አስተናግጃለሁ። አንዳንዶቹ መስኮቱ ላይ ይቆዩ ነበር፤ መሰናበት ከብዷቸው። ማታ ቤቴ ስገባ ስለነዚያው ሰዎች በዜና እሰማለሁ፤ ስማቸው «ተነሺዎች» ሆኗል። ከአንባቢው ጀርባ ገና ያልተሠሩ፣ በኮምፒዩተር የተሣሉ ሕንፃዎች ያበራሉ። ከተማችን መታደስ የለበትም የሚል ሰው አይደለሁም። ግን ያልተሠራው ሕንፃ ሙሉውን ግድግዳ ሲይዝ፣ የኖረው ሰው የአንዲት ግሥ ባለቤት እንኳ መሆን ሲያቅተው ዝም ማለት አልችልም።

ታሪካችንን መለስ ብለን ብናይ ብርሃንና ማየት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንረዳለን። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አርቱሮ መዘዲሚ በነደፈው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ፣ በጥቁርና ነጭ ምስል ነበር። የጣቢያውን ታሪክ ከሚያስታውሱን ምሽቶች አንዱ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸበት ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ደርግ ያንን ፊልም ለራሱ ዓላማ ቆራርጦ እንዳቀረበው አልዘነጋም። ሆኖም አገር ያናወጠው ምስል የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ አላስፈለገውም።

ከዚያስ? ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1976 ማብቂያና በ1977 መባቻ፣ የኢሠፓ ምሥረታና የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሲከበር ቴሌቪዥናችን ባለቀለም ሆነ። ሰልፉ በቀለም ታየ፤ ባንዲራው በቀለም ታየ። በዚያው ሰሞን ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ዓለም ያንን ያየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ፣ በማይክል በርክ ዘገባና በመሐመድ አሚን ካሜራ ነው። ቀለሙ እኛ ቤት ገብቶ ነበር፤ ዓይኑ ግን አልገባም። እንግዲህ «አዲሱ ስቱዲዮ ስንት ካሜራ አለው?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «ካሜራው ወዴት ዞሯል?» ብሎ መጠየቅ የማን ዕዳ ነው?

ባዕድ መሣሪያ ጠላ እንዳትሉኝ። የድምፅና የመብራት ጥበብ የራሱ ሳይንስ እንዳለው አውቃለሁ፤ የሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ ዜና ይነበብ አልልም። የምኖርበት ክፍለ ከተማ ስም እንኳ ከባዕድ መሣሪያ የተወለደ ነው። ከጣልያን ወረራ ዋዜማ በዚህ አካባቢ የተተከለውን ገመድ አልባ ጣቢያ ያዩ አባቶቻችን «ነፋስ ስልክ» አሉት ይባላል፤ ያለ ሽቦ፣ በነፋስ ላይ የሚነጋገሩበት ስልክ። ከዚህ የበለጠ ግጥም አለ? መሣሪያው የሰው ነበር፤ ስሙ ግን የራሳቸው ሆነ። እኛ በተራችን ስክሪኑን ገዛን፤ ያወጣንለት ስም ግን «ዓለም አቀፍ ደረጃ» ብቻ ሆኖ ቀረ።

በስክሪኑ ላይ ጀበና፣ የፋሲል ግንብና የአክሱም ሐውልት በመለጠፍ ነገሩ ይድናል ብዬም አላምንም። ያ የባህል ልብስ ለአንድ ቀን ተከራይቶ ለብሶ መታየት ነው። መንገዱን ያሳየን ሌላ ሰው ነው። እዚያው መዘዲሚ የነደፈው፣ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሥራ አለ፤ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው፣ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ የሚተርክ ባለቀለም መስታወት። ጥበቡ ከውጭ የመጣ፣ ሕንፃው የጣልያናዊ ንድፍ፤ የሚናገረው ግን አፍሪካ ነው። መስታወት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ሰውን በር ላይ ጫማ ያስወልቃል፤ ሌላው የፀሐይን ብርሃን አሳልፎ ሰውን ያሳያል።

ታዲያ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከሚሽከረከረው ሉል ይልቅ ወረዳዎቻችን በስማቸው የሚነበቡበት ካርታ ይሰቀል። ከተሣለው የሌሊት ከተማ ይልቅ፣ ከተቻለ፣ መንገዱንና መንገደኛውን የሚያሳይ እውነተኛ መስኮት ይከፈት። ከባለሥልጣኑ ሶፋ አጠገብ የጉልቷ እናት ጫማቸውን ሳያወልቁ የሚቀመጡበት ወንበር ይኑር። ሪባኑ ከመቆረጡ በፊትም እንደ እርሳቸው ያሉ ጥቂት ሰዎች ገብተው «እዚህ ቁጭ ብላችሁ ለመናገር ትደፍራላችሁ?» ተብለው ይጠየቁ። ከሁሉም በላይ ግሡ ባለቤት ይሰጠው፤ ያፈረሰው «አፈረሰ» ይባል፤ የሠራውም «ሠራ» ተብሎ ይመስገን። ይኸኛው አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

በዚያች መስታወት ላይ የጫርኳትን አራት መስመር ትቼላችሁ ልሰናበት።

ባለመስታወቷ፣ ብርሃን የሞላሽ፣
ሰውን የማታሳይ ምኑን መስታወት ነሽ?
«ተነገረ» ስትይ ማታ እሰማለሁ፤
የነገረሽን ሰው፣ ስሙን እሻለሁ።

ቸር እንሰንብት!