ሐይቁና የውዱእ ውኃችን



የትምህርት ቤት እረፍታችንን ምክንያት በማድረግ በአቡ ዳቢ ከተማ የምትኖረውን እህታችንንና ቤተሰቧን ልንዘይር ሄደን ነበር። ፎቁንም መስጊዱንም ገበያውንም አይተን ከጨረስን በኋላ የእህታችን ባለቤት አንድ ቀን በማለዳ «ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር ላሳያችሁ» አለና እኛንና የአሥር ዓመት ልጁን መኪናው ውስጥ አስገብቶ ጉዞ ጀመርን።

የሄድንበት ስፍራ አል ወስባ ይባላል። ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይርቃል። መንገዱ በግራም በቀኝም አሸዋ ነው። አልፎ አልፎ ዛፍ ቢታይ እንኳ በቧንቧ ጠብታ የሚጠጣ ነው። በልባችን «በዚህ ደረቅ ምድር ምን ሊታይ ነው?» እያልን ከመኪናው ወርደን ጥቂት በእግራችን እንደተጓዝን፣ ከአሸዋው ጉብታዎች ባሻገር ሰፊ ሐይቅ ተዘርግቶ አየን። በውኃው ላይ ደግሞ ረጃጅም እግር ያላቸው ፍላሚንጎዎች በብዙ መቶ ሆነው ቆመዋል። ሱብሐነላህ!

ፍላሚንጎ የሚመገበው አንገቱን ደፍቶ፣ መንቆሩን ገልብጦ ነው። ውኃውን ወደ ውስጥ ይስብና በመንቆሩ ዳር ባለው ወንፊት መሰል ነገር አጥልሎ ምግቡን ያስቀራል። በዚህ ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ አርቴሚያ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታት ይኖራሉ። ጫጩቱ ሲፈለፈል ግራጫ ሲሆን፣ ያ የሚያምረው ሮዝ ቀለም ቀስ በቀስ የሚመጣለት ከሚበላው ምግብ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሙልክ ከበላያችን የሚበሩትን አእዋፍ እንድንመለከት ያሳስበናል። እኛ ግን ስንት ጊዜ ቀና ብለን አይተናል?

ይበልጥ የገረመን ግን የሐይቁ አመጣጥ ነው። ሐይቁ ጥንት የነበረ አይደለም። ከከተማው ቤቶች የሚወጣው ፍሳሽ አል መፍረቅ በተባለው ቦታ ከተጣራ በኋላ፣ የተረፈው ውኃ ወደ ጨዋማው ሜዳ ሲለቀቅ ተጠራቅሞ የተፈጠረ ነው። ውኃ ሲገኝ ጥቃቅን ነፍሳት መጡ፤ ነፍሳቱን ተከትለው ወፎች መጡ። እ.ኤ.አ በ1998 ፍላሚንጎዎች በዚያ ጫጩት ፈለፈሉ። በዚያው ዓመትም የአገሪቱ መሪ የነበሩት ሸይኽ ዛይድ ቢን ሱልጣን (አላህ ይዘንላቸው) ስፍራው ተከልሎ እንዲጠበቅ አዘዙ። ዛሬ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው በዚህ ክልል ከ250 በላይ የአእዋፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ በ2013 ደግሞ ረግረጋማ ቦታዎችን ለመጠበቅ በኢራኗ ራምሳር ከተማ በ1971 በተፈረመው ስምምነት መሠረት በዓለም አቀፉ መዝገብ ገብቷል።

አባቷ ይህን ሲያስረዳን ልጅቱ በጥሞና ታዳምጥ ነበርና «አጎቴ! ታዲያ ይህ ውኃ ጧሂር ነው ወይስ ነጃሳ?» ስትል ጠየቀችን።

የቀራ ልጅ ጥያቄ ነው! እኛም በመድረሳ የጠሃራን ምዕራፍ ስንቀራ የተማርነውን አስታወስናት። ብዙ ውኃ ነጃሳ የሚሆነው ጣዕሙን፣ ቀለሙን ወይም ሽታውን ነጃሳው ሲለውጠው ነው። ፍሳሽ ተጣርቶ እነዚህ ሦስቱ ሲመለሱለትስ? እ.ኤ.አ በ1978 የሳዑዲ ዓረቢያ የታላላቅ ዑለማኦች ምክር ቤት ይህንኑ መርምሮ፣ የነጃሳው ጣዕም፣ ቀለምና ሽታ ፈጽሞ እስከጠፋ ድረስ ውኃው ንጹሕ መሆኑንና ለጠሃራም እንደሚያገለግል ወስኗል። ስለ መጠጥ ግን ጤና እንዳይጎዳ ጥንቃቄ እንዲደረግ መክሯል። የዘመኑ ዕውቀትና የዲን ዕውቀት ተጋግዘው ሲሠሩ ይህን ይመስላል።

ልጅቱ ግን በዚህ አልተመለሰችም። «እንግዲያው ቤታችን ብዙ ውኃ ብናፈስ ለወፎቹ ጥሩ ነዋ!» አለች። አባቷ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ሆኖም ሳቃችን ብዙ አልቆየም፤ የሐረማያ ሐይቅ ትዝ አለን።

በልጅነታችን የቀራነው በምሥራቅ ሐረርጌ፣ ከሐረማያ ሐይቅ አቅራቢያ ነው። ያ ሐይቅ ማንም ያልሠራው፣ አላህ በጸጋው የሰጠን ነበር። የሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት ከእርሱ ጠጥታለች። ገበሬው በፓምፕ እየሳበ ጫቱንና አትክልቱን አጠጥቶበታል። ከተራቆተው ኮረብታ የታጠበው አፈርም ወለሉን ሞላው። እ.ኤ.አ በ2000ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ሐይቁን ላድርቅ ብሎ የተነሣ አንድም ሰው አልነበረም። እያንዳንዱ ሰው «ከእኔ ድርሻ ምን ይጎድላል?» ብሎ ሳበ እንጂ። ከእነዚያ ፓምፖች አንዱ የእኛው ቤተሰብ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውኃው እየተመለሰ መታየቱ፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ ትልቅ እዝነት ነው። ቢሆንም ሁለተኛ ዕድል ለሁሉም ሐይቅ አይሰጥም።

ይህንን በለሆሳስ ነገርናት። በዚህ በረሃ ከቧንቧ የሚወርደው ውኃም ከባሕር ተቀድቶ፣ በብዙ ኃይልና ወጪ ጨዉ ወጥቶለት የሚመጣ እንጂ እንዲሁ የሚፈልቅ እንዳልሆነ አከልንላት። ለወፎቹ የሚደርሳቸውም ስላባከንን ሳይሆን፣ አንድ ሰው አስቦ ትርፉን ወደ እነርሱ ስለመራላቸው ነው። ልጅቱ ዝም ብላ ሐይቁን አየች።

የዙህር ሰላት ደረሰ። የእህታችን ባለቤት ከመኪናው ለእያንዳንዳችን የግማሽ ሊትር የውኃ ጠርሙስ አወጣ። በእርሷ ውዱእ አደረግን፤ በቃችንም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውኃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሙድ ማለት በሁለት መዳፍ አንድ እፍኝ ሲሆን፣ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ይህንን ሐዲስ ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ እንዳስተማርን አላህ ያውቃል።

ማታ ቤት ደርሰን ለመግሪብ ውዱእ ስናደርግ ልጅቱ ሳትነግረን ከቧንቧው ሥር ሳፋ አስቀምጣ ኖሯል። ስንጨርስ በዚያችው ባዶ ጠርሙስ እየቀዳች ቆጠረች። አሥራ አንድ ጠርሙስ ሆነ! «አጎቴ፣ እዚያ አንድ በቅቶህ ነበር» አለችን። ለዚህ መልስ አልነበረንም። አፈርን።

ውድ ወላጆችና ወጣቶች! ሐይቅ የሚደርቀው በአንድ ቀን አይደለም። እንደ አል ወስባ ያለ ሐይቅ መሥራት ከእኛ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ሳፋ ከቧንቧ ሥር ማስቀመጥ ግን ከማንኛችንም አቅም በላይ አይደለም። በዚህ ሳምንት ቤተሰቡ በሙሉ ውዱእ የሚያደርግበትን ውኃ ልጆቻችሁ ይለኩላችሁ፤ ሳፋው ውስጥ የተጠራቀመውንም ከበራችሁ ላለች ችግኝ አፍስሱላት። ሙስሊም ከተከላት ተክል ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናልና።

እኛም ከተመለስን ወዲህ የምናደርገው በጆግ ቀድተን ነው። አላህ አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን፤ አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።