የጉዲትን እሳት ማን ለኮሰው?

ላስታ የሁለት ኃያላን ሴቶችን ታሪክ ስትተርክ ኖራለች። አንደኛዋ የንጉሥ ላሊበላ ባለቤት መስቀል ክብራ ናት። ቤተ አባ ሊባኖስ የተባለውን ቤተ ክርስቲያን በመላእክት ረዳትነት በአንድ ሌሊት ለባሏ መታሰቢያ እንዳሳነጸችው ይነገራል፤ ላሊበላ ደርሶ ይህን ሳይሰማ የሚመለስ እንግዳ ጥቂት ነው። ሁለተኛዋ ዮዲት ጉዲት ናት፤ አክሱምን አፈረሰች፣ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለች፣ የነገሥታቱን ዘር ፈጀች የምትባለዋ። መስቀል ክብራን ከነሕይወቷ እናስባታለን። ጉዲትን ግን የምናውቃት ችቦ ከጨበጠችበት ቀን ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የማን ልጅ ነበረች? ማን አስቀየማት? ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ዛሬ የምጽፈው ጉዲት ከመባሏ በፊት ስለነበረችው ልጅ ነው፤ ይህችን ልጅ ለወጣቶቻችን በልብ ወለድ የሚጽፍላቸው ደራሲ ያስፈልገናል ብዬ ስለማምን።

በሌላው ዓለም ለወጣቶች በሚጻፉ ምናባዊ ልብ ወለዶች ውስጥ አንዲት ገጸ ባሕርይ ደጋግማ ትመጣለች፦ ከንጉሥ ቤት የተወለደች፣ የሚያስፈራ ኃይል የተሸከመች ልጃገረድ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው የክሪስቲን ካሾር «ግሬስሊንግ» ውስጥ ካትሳ የመግደል ችሎታ ይዛ ትወለዳለች፤ ንጉሡ አጎቷም ሰው ማስፈራሪያ ያደርጋታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው «ፍሮዝን» ፊልም ልዕልት ኤልሳ የነካችውን ሁሉ በረዶ ስለምታደርግ በር ተዘግቶባት ታድጋለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ትውልደ ናይጄሪያዊቷ ቶሚ አደዬሚ የዮሩባን አማልክትና እምነት ይዛ «ችልድረን ኦፍ ብለድ ኤንድ ቦን»ን ጻፈች፤ እዚያም ከአባቷ ቤተ መንግሥት የምትኮበልል ልዕልት አለች። መጽሐፉ በዓለም ዙሪያ ተነበበ።

ወጣቶች እነዚህን ታሪኮች የሚወዱበት ምክንያት ግልጽ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሰውነቷ ይለወጣል፤ ቁጣዋ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ይገነፍላል፤ ትናንት «ተናገሪ» ያላት ቤተሰብ ዛሬ «አንገትሽን ድፊ» ይላታል። በውስጧ ያለው ነገር ያስፈራታል፤ ሌሎችንም እንደሚያስፈራ ታያለች። ልብ ወለዱ ይህን ስሜት በረዶ ወይም እሳት አድርጎ ፊቷ ያቆምላታል፤ ብቻዋን እንዳልሆነችም ይነግራታል።

እኛ ዘንድ ይህች ልዕልት ከሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ አለች። የታሪክ ሰነዱ አጭር ነው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የሐበሻ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከው ደብዳቤ በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥ ተጠቅሷል። ንጉሡ አንዲት ሴት አገሩን እንደወረረች፣ አብያተ ክርስቲያናቱን እንዳጠፋች፣ እሱንም ከቦታ ቦታ እንዳሳደደችው ይናገራል። መከራው የወረደብን በጳጳሱ ላይ በተፈጸመ በደል ነው ይላል፤ ፓትርያርኩ አዲስ ጳጳስ እንዲልክለት እንዲለምንለትም ይማጸናል። በዚያው ዘመን የነበረው ዐረባዊው የጂኦግራፊ ጸሐፊ ኢብን ሐውቀልም ንጉሡን የገደለች ሴት የሐበሻን አገር ለዓመታት እንደገዛች ጽፏል። ሁለቱም ስሟን አልነገሩንም።

የቀረውን የሞላው የሕዝብ ትውፊት ነው። በአንደኛው አተራረክ ልጅቱ ከአክሱም ነገሥታት ዘር ናት፤ ኋላ ግን ድህነት ላይ ወድቃ በውበቷ መተዳደር ጀመረች። አንድ ዲያቆን ወደዳት፤ የወርቅ ጫማ እንዲያደርግላት ከጽዮን ቤተ ክርስቲያን የወርቅ መጋረጃ ቆረጠ። ነገሩ ሲታወቅ በልጅቱ ላይ ተፈረደ፤ ጡቷ ተቆርጦ ከአገር ተባረረች። በስደት የሻም ንጉሥ ልጅ አገኛት፤ አገባት፤ ጦር ይዛም ተመለሰች። አክሱምን አጠፋች። ደብረ ዳሞ ላይ የተጠበቁትን ልዑላን ፈጀች፤ አንድ ሕፃን ብቻ ወደ ሸዋ ሸሽቶ ተረፈ። 40 ዓመት ገዛች። በመጨረሻም ውቅሮ አካባቢ ዐውሎ ነፋስ ጠልፎ ጣላት ይባላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ደግሞ ባሏ የቡግና ገዥ እንደነበረ ጽፏል። ቡግና የላስታ ጎረቤት ናት። በዚህ አተራረክ ጉዲት ለላሊበላ ሰው የሩቅ ባዕድ አይደለችም፤ ከአጎራባች የመጣች ምራት ናት።

ይህን ትውፊት ልብ ብሎ የሰማ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ተራኪዎቹ ጉዲትን ይጠሏታል፤ የተቃጠለውን ቤተ መቅደስና የታረደውን ሕፃን እያሰቡ ይረግሟታል። ይሁን እንጂ በደሏን አልደበቁም። የተቆረጠውን ጡት፣ የተዘጋውን የአገር በር ከትውልድ ትውልድ አስተላልፈዋል። ታሪኩን የነገሩን እናቶችና አባቶች እሳት ያለ ለኳሽ እንደማይነድ ያውቁ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቅጣቱን እንዳቆዩልን ሁሉ መነሻውንም አቆዩልን፤ እኛ ግን መነሻውን ትተን ማስፈራሪያውን ብቻ ያዝን።

የዛሬዋ የላስታ ልጅ ይህን ታሪክ ሙሉውን ልትሰማ ይገባል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማዋ በ2014 የመጀመሪያ ወራት ከእጅ ወደ እጅ ተቀያየረች። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ ሌላ ግጭት መጣ። ያኔ አሥር ዓመት የሞላት ልጅ ዛሬ የወጣት ልብ ወለድ አንባቢ ናት። ቂም እንዴት እንደሚወለድ፣ የተበደለ ሰው እንዴት በዳይ እንደሚሆን በዓይኗ አይታለች፤ ያየችውን ግን የምታስቀምጥበት ታሪክ አልሰጠናትም። «የበደሉሽ እውነት ነው፤ ያቃጠልሽውም እውነት ነው» ብሎ ሁለቱንም በአንድ ገጽ የሚጽፍ መጽሐፍ ለዚህች ልጅ ከብዙ ምክር ይበልጥባታል።

ኃይል አላት ተብላ የምትፈራ ልጅም በአገራችን የተረት ብቻ አይደለችም። የሸክላ ሠሪ ወይም የቀጥቃጭ ልጅ በመሆኗ «ቡዳ ናት» የተባለች፣ እኩዮቿ አብረዋት እንዳይበሉ የተከለከሉባት ስንት ልጅ አለች! ሕጉ ጋብቻ ከ18 ዓመት በፊት አይሆንም እያለ፣ አልዳርም ስላለች ዓይነ ደረቅ የተባለች ስንት ልጅ አለች! እነዚህ ልጆች በልብ ወለድ ውስጥ ራሳቸውን ቢያገኙ መፈራት ምን እንደሚያደርግ፣ የተፈራ ሰውስ ምን ምርጫ እንዳለው ያስባሉ።

ታዲያ ደራሲው ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ። አንደኛ፣ ጉዲትን እንዳያጥባት። ደብረ ዳሞ ላይ የሞቱት ልጆች ስምና ፊት ይኑራቸው፤ የተቃጠለው የብራና መጽሐፍ ስንት ዓመት እንደተደከመበት ይጻፍ። የበደል ታሪክ የግፍ ማመካኛ ሆኖ ከቀረበ ለወጣት አንባቢ መርዝ ነው። ሁለተኛ፣ እሳቷን የአንድ ሕዝብ ወይም የአንድ ሃይማኖት እንዳያደርገው። ጉዲት አይሁዳዊት ነበረች የሚለው ትውፊት በቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ላይ ሲከብድ ኖሯል፤ አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ በመሆናቸው ቡዳ የተባሉትም እነሱው ናቸው። ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለቱ የዘመኑ ጽሑፎች ግን ስለ ሃይማኖቷ ምንም አይሉም። ዛሬ በአንድ ብሔር ላይ ጣት የሚያስቀስር የጉዲት ልብ ወለድ ከሚጻፍ ባይጻፍ ይሻላል። ሦስተኛ፣ የምእመናንን እምነት ያክብር። የመስቀል ክብራ ሌሊትና የላሊበላ መላእክት ለላስታ ሰው ጸሎቱ ናቸው፤ እንደ አስማት ትርዒት ሊጻፉ አይገባም። ጉዲት ግን የማንም ቅድስት አይደለችም፤ ምናብ እንደልቡ ሊመላለስባት ይችላል።

አንዳንድ ወላጆች ምናባዊ ልብ ወለድ ልጅን ወደ ጥንቆላ ይመራል ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ከፍቅር የመጣ ነውና አልንቀውም። ነገር ግን እኛ ራሳችን ያደግነው ሰው ስለሚበላ ዘንዶ ሰምተን ነው። ንግሥት ማክዳ ለዘንዶው ስትሰጥ ቅዱሳን እንዳዳኗት፣ የዘንዶው ደም እግሯ ላይ ቢንጠባጠብ እግሯ የአህያ ኮቴ እንደሆነ የሚተርከውን የአክሱም አካባቢ ትውፊት ሰምቶ ጠንቋይ የሆነ ልጅ አላውቅም። ልጆቹ የተማሩት ከኀፍረት ጋር መኖርን፣ መዳንንም ተስፋ ማድረግን ነው። ታሪክ ይዛባል የሚሉም አሉ። ሽፋኑ ላይ «ልብ ወለድ» ተብሎ የተጻፈበት መጽሐፍ ግን ታሪክ ነኝ አይልም፤ ይልቁንም አንባቢውን ወደ እውነተኛው ሰነድ ያጓጓዋል።

ቦታውም ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። የውጭ ደራስያን በመጽሐፋቸው መግቢያ ላይ የሌለ አገር ካርታ ይሥላሉ፤ እኛ አሸተን ማርያም አለችን። ከላሊበላ ከተማ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ በእግርም በበቅሎም ያደክማል፤ ገደሉን ታክኮ ሄዶ መጨረሻው ላይ ከአለት መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ ያሾልካል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ትውፊት ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ጋር የሚያያይዛት ቤተ ክርስቲያን በአለቱ ውስጥ ተፈልፍላ ትገኛለች። ካህኑ አውጥተው የሚያሳዩት የብራና መጽሐፍና መስቀል አለ። ከዚያም በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ይዘልቃል፤ ጭላዳ ዝንጀሮ በገደሉ፣ ቀይ ቀበሮ በሜዳው፣ ጅብራ በብርዱ ውስጥ ይኖሩበታል። አሸተን ላይ የቆመ ሰው ቁልቁል የሚያየው አገር፣ ጉዲት አጠፋችው ከሚባለው ዘመን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ አለት እየፈለፈለ የተነሣ አገር ነው። የልብ ወለዱ ጥያቄ እዚሁ ተቀርጿል፦ ከእሳት በኋላ የሚመጣ ትውልድ ምን ይሠራል? ላስታ መልሷን በድንጋይ ላይ ሰጥታለች።

ጅምሩስ ቢሆን የለንም ማለት አይቻልም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ጦቢያ ናት፤ የወንድ ልብስ ለብሳ በጦርነት ዘመን የምትንከራተት ልጃገረድ። ልብ ወለዳችን የጀመረው በወጣት ሴት ድፍረት ነው ማለት ነው። ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን ሲያወጣ የጣና ገዳማትን ከሳይንስ ምናብ ጋር አጋባ፤ ወጣቱም መጽሐፉን እየተቀባበለ አነበበው። ኢታን ኮሚክስ ጀምበርና ሐዊ የተባሉ ጀግኖችን በሥዕል አቀረበ፤ «ጥበብ ገርልስ» ልዩ ኃይል ያላቸውን ሦስት ልጃገረዶች በአኒሜሽን አሳየን። እነዚህ ጀግኖች ኃይላቸውን ለበጎ ያውሉታል፤ ደግ አደረጉ። የጎደለን ግን የገዛ ኃይሏ የሚያስፈራት፣ የምትሳሳት፣ ስሕተቷ ዋጋ የሚያስከፍላት ልጅ ናት። እንዲህ ያለው ታሪክ ሰፊ ገጽ ይፈልጋል፤ ረጅም ልብ ወለድ ይፈልጋል። በልጆች ተረትና በአዋቂ ልብ ወለድ መካከል ያለው መደርደሪያችን ደግሞ ሳስቷል። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ከተረት መጽሐፍ ወጥቶ የሚገባበት ቤት ስለሚያጣ ወይ ማንበብ ያቆማል፣ ወይ በባዕድ ቋንቋ ያነባል።

ስለዚህ ደራስያን ሆይ፣ ይህችን ልዕልት ጻፉልን። በደሏን ሳትደብቁ፣ ጥፋቷን ሳታቃልሉ ጻፏት። የላስታን ብርድ፣ የበቅሎውን መንገድ፣ የእናቶችን አነጋገር አስገቡበት። አሳታሚዎች፣ ለወጣት የተጻፈን መጽሐፍ ገበያ የለውም ብላችሁ አትመልሱት፤ «ዴርቶጋዳ» ያገኘው አንባቢ ምናብ የተጠማ ትውልድ እንዳለ መስክሯል። የአማርኛ መምህራን፣ ከጽሑፉ በፊት እናንተ ጀምሩ፦ ተማሪዎቻችሁ በአካባቢያቸው ስለ ጉዲት የሚነገረውን ከአያቶቻቸው ጠይቀው ይምጡ፤ ልጅቱ ከአገር የተባረረችበትን ቀን በራሳቸው ብዕር ይጻፉ፤ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ይነበብ። ወላጆችም ልጃችሁ «ጉዲት ለምን አቃጠለች?» ብላ ብትጠይቃችሁ ዝም አታሰኟት። የበደልን መነሻ የምትጠይቅ ልጅ ቂምን ለማብረድ የመጀመሪያውን እርምጃ ወስዳለች።