«ኪሎው ሲሞላ ይዘሽው ነይ»

ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን አዝላ ከገጠር አዲስ አበባ ወይም ጅማ የደረሰች እናት «ኪሎው ገና ነው፤ ሲሞላ ይዘሽው ነይ» ተብላ ልትመለስ ትችላለች። መልሱ በሕክምና ረገድ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ ከንፈሩ የሚሰፋለት ሕፃን 10 ሳምንት የሞላው፣ 4.5 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ሄሞግሎቢኑም በዴሲሊትር 10 ግራም የደረሰ እንዲሆን ይጠይቃል። ለከሳና ደም ላነሰው ሕፃን ማደንዘዣው አደገኛ ነው፤ ቁስሉም ቶሎ አይሽርም። ጥፋቱ ኪሎውን በምን እንደምትሞላው ሳይነገራት መሸኘቷ ላይ ነው።

ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን ጡት ይጎርሳል እንጂ አጥብቆ መሳብ አይችልም። ወተቱ በአፍንጫው ተመልሶ ይወጣል፤ ሲታገል ቆይቶ ይደክመውና ሳይጠግብ ይተኛል። ጡትም በደንብ ካልተጠባ ወተቱ እየቀነሰ ይሄዳል። እናትየው ራሷ በልታ የማታድር ከሆነ ደግሞ ችግሩ ድርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ ይህ ሕፃን በዚያ ላይ የራሱን ስንጥቅ ደርቦ ይሸከማል። ለተጎዱ ልጆች የሚታደለው ፕላምፒ ነት እንኳ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ እሱ ግን ክፉኛ የሚራበው በእነዚያው ወራት ነው።

«ቀዶ ሕክምናው ራሱ መፍትሔ ነው፤ ቶሎ ይሰፋና ይጠባል» የሚሉ አሉ። የከንፈር መሰፋት ፊትን ይመልሳል እንጂ ላንቃን አይደፍንም፤ ላንቃው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠገነው ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ነው። በ45 ደቂቃ ሕይወት ይቀየራል የሚለው የለጋሾች ማስታወቂያ ይህን ሁሉ ወር ይዘለዋል። «ሐኪም እህል አዳይ አይደለም» የሚለው ሙግት ይበልጥ ያስኬዳል፤ ቢሆንም እዚህ የሚፈለገው በቅድሚያ እህል አይደለም። ወተቱን በእጅ ማለብ፣ ሕፃኑን ቀና አድርጎ መያዝ፣ በንጹሕ ኩባያና ማንኪያ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት፣ ቶሎ ቶሎ ማስገሳት፤ ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በተወለደበት ሳምንት ልታሳይ ትችላለች። ለእናትየው ምግብ ግን ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ከቀዶ ሕክምናው በጀት ተቆርጦ ቢሰጣትም የሚባክን ነገር የለም፤ ሕፃኑን ለማደንዘዣ የሚያበቃው እሱ ነውና።

ይህን ቀዶ ሕክምና በነፃ የሚያዳርሱት ግብረ ሠናይ ድርጅቶች ስማይል ትሬይንና ኦፕሬሽን ስማይል የአመጋገብ ድጋፍ መጀመራቸው ተገቢ ነው፤ ድጋፉ ግን በአመዛኙ የሚያገኘው ሆስፒታል መድረስ የቻለውን ነው። ስኬቱም አሁንም በተሰፋ ከንፈር ብዛትና «በፊት» እና «በኋላ» በሚሉ ሁለት ፎቶዎች ይለካል። ዓመታዊ ሪፖርታቸው ላይ ሌላ ዓምድ ይጨመርበት፦ በክብደት ማነስ የተመለሱት ስንት ናቸው? ከእነሱስ ኪሎው ሞልቶላቸው የመጡት? ያልመጡትንስ ቤታቸው ድረስ ሄዶ የጠየቀ አለ?