አዲሱ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሲገባ አሮጌው አይጣል

ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በየመሥሪያ ቤቱ እየተለመደ ስለ ሄደ አንድ ጉዳይ በዚህ የአንባብያን ዓምድ ጥቂት አሳብ እንድገልጽ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌርን የሚመለከት ነው። ይህ የባለሙያ ወሬ ነው ብሎ አንባቢ እንዳያልፈው፤ ዛሬ ስብሰባውንና ምረቃውን የማያስቀርጽ መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉም ቆርጦ፣ ቀጥሎ፣ አርእስት ጽፎበት ያወጣዋል።

እኔ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ስሆን የተማሪዎችን የሚኒ ሚዲያ ክበብ እረዳለሁ። ተማሪዎቻችን የደንገል ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ ሽማግሌዎችን እየጠየቁ ቀርጸዋል። እምቦጭ የተባለውም አረም የሐይቁን ዳር ሲሸፍንና ሲለቅ በልዩ ልዩ ወራት አንሥተዋል። ካነጋገሯቸው ታንኳ ሠሪዎች አንደኛው ዐርፈዋል፤ ስለዚህ የእርሳቸው ቃል ሁለተኛ አይቀረጽም።

ይህንኑ ሥራ አንድ መሥሪያ ቤት ለዐውደ ርእይ አሳጥሬ ላዘጋጅላችሁ ብሎ ወሰደው፤ በአዲሱ የአዶቢ ፕሪሚየር ዕትም ከፍቶ አስተካክሎም መለሰልን። የመለሰልን የፕሮጀክት ፋይል ግን በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ በሚገኘው አሮጌ ዕትም አልከፈት አለ። ምክንያቱ ለሚያውቀው ቀላል ነው። አዲሱ ዕትም የአሮጌውን ፋይል ለውጦ ይቀበላል፤ አሮጌው ግን የአዲሱን አያነብም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለውም ማቀናበሪያ እንዲሁ ነው፤ የሥራ መዝገቡ አንድ ጊዜ ወደ አዲሱ ዕትም ከተሻሻለ በኋላ የቀድሞው ዕትም አይከፍተውም። በዚህ ላይ የአማርኛው አርእስት ዩኒኮድ ባልሆነ የቆየ የግእዝ ፎንት የተጻፈ ስለ ነበር፣ ፎንቱ በሌለበት የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር የሟቹ ሽማግሌ ስም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ታይቷል። በዐውደ ርእዩ የተገኙት ልጃቸው ያነበቡት ይኸንኑ ነው።

በኋላ አንድ ተማሪያችን መላ አገኘ። የፕሪሚየር ፕሮጀክት ፋይል ሲፈታ በውስጡ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ልጁም የታመቀውን ፈትቶ የዕትሙን ቁጥር ዝቅ ቢያደርገው በአሮጌው ተከፈተ። ሆኖም በአዲሱ ዕትም የተጨመሩት ማስተካከያዎች አብረው አልመጡም።

ከዚህ የተነሣ አዲስ ነገር የምጠላ ሰው መስዬ እንዳልታይ። በሐይቅ ዳር የቀረጸ ሰው ነፋስ ንግግርን እንዴት እንደሚውጥ ያውቃል፤ አዲሶቹ ዕትሞች ይህን ጩኸት ከንግግሩ ለይተው ሲቀንሱ ሰምቼ ተደንቄአለሁ። ጥያቄዬ የሚነሣው አዲሱ በሚገባበት አኳኋን ላይ ነው።

በሠለጠነው ዓለምም ቢሆን ይህ ነገር ሰውን አስጩኋል። በሰኔ 2003 ዓ.ም. አፕል የተባለው ኩባንያ ፋይናል ከት ፕሮ የተባለውን ማቀናበሪያ እንደ አዲስ ሠርቶ ባወጣ ጊዜ፣ አዲሱ በአሮጌው የተጀመረውን ሥራ አይከፍትም ነበር፤ አሮጌውም ወዲያው ከሽያጭ ወጣ። በአሜሪካ የባለሙያው ቅሬታ እስከ ቴሌቪዥን የቀልድ ዝግጅት ደረሰ። ኩባንያው ከጥቂት ወራት በኋላ አሮጌውን በስልክ ለሚያዙት እንደገና መሸጥ ግድ ሆነበት። አዲሱ ግን በየጊዜው እየተሻሻለ ዛሬ ብዙዎች የሚወዱት መሣሪያ ሆኗል፤ የጎደለው የመሸጋገሪያ ጊዜ ነበር።

እኔ በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሪዎች መዝሙር የተቀረጸባቸው የቪኤችኤስ ካሴቶች በቁም ሣጥን ተደርድረው ነበር። ካሴቶቹ ደኅና ናቸው፤ የሚያጫውታቸው መሣሪያ ግን የለም። የመጨረሻው ፋብሪካ፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ ማጫወቻውን መሥራት ያቆመው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። የፕሮጀክት ፋይልም ያለ ዕትሙ እንደዚሁ ካሴት መሆኑ ነው።

የፈቃዱም ጉዳይ አለ። አዶቢ በ2005 ዓ.ም. ሶፍትዌሩን በኪራይ ብቻ እንደሚያቀርብ ካስታወቀ ወዲህ፣ ፕሮግራሙ በየጊዜው ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ፈቃዱን ካላረጋገጠ ሥራ ያቆማል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በሥራው ላይ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ በከተማ ያለ ግዥ ክፍል ለወረዳና ለትምህርት ቤት ሲገዛ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ቢመርጥ መልካም ነው። ለዚህም ነፃው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይበቃል፤ ጠንካራ ኮምፒውተር መጠየቁ ግን አይካድም።

እንግዲህ የግዥና የሥልጠና ደብዳቤ በእጃችሁ የሚያልፍ ወንድሞችና እኅቶች፣ በተጀመረ ሥራ መካከል ዕትም እንዲለወጥ አትዘዙ። አሮጌው ከአዲሱ ጎን በዚያው ኮምፒውተር ይቆይ፤ በፕሪሚየር ሁለቱ ዕትሞች አብረው መኖር ይችላሉ። ሠራተኛውም ሥልጠና ከወሰደ በኋላ አዲሱን የሚለማመድበት ጊዜ ይሰጠው፤ ዓርብ ተጭኖለት ሰኞ ሙሉ ዝግጅት አምጣ አይባል። ያለቀው ፊልም በማንኛውም ኮምፒውተር በሚከፈት ኤም ፒ ፎር ወጥቶ፣ ጥሬው ቀረጻም ሳይነካ፣ የንግግሩና የስሞቹም ጽሑፍ በዩኒኮድ ተጽፎ አብሮ ይቀመጥ። ይህን ሁሉ የሚይዝ ሃርድ ዲስክ በግዥ ጥያቄው ላይ አንድ መስመር ብቻ ይጨምራል።

የክበባችን ተማሪዎች የታንኳውን ፊልም አሁን እንደገና ከጥሬው ቀረጻ እያቀናበሩ ነው። የሽማግሌው ስም ልጃቸው በእጃቸው ጽፈው በሰጡን መሠረት ገብቷል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ መምህር
ከጎርጎራ