በልምምዱ አካውንት ሀብታም ነኝ፤ በእህቴ ገንዘብ ልጀምር?

መቼም የዘንድሮ ደብዳቤ ጉዱ ብዙ ነው። የፍቅሩ፣ የትዳሩና የቤት ኪራዩ ጣጣ እንዳለ ሆኖ፣ ሰሞኑን ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል የፎሬክስ ጉዳይ እየበዛ መጥቷል። ዛሬ አንዱን መርጠናል። የመረጥነውም የብዙዎቻችሁን ጥያቄ ይዞ ስላገኘነው ነው። ጸሐፊው ስሙ እንዳይወጣ አደራ ስላለን ስሙንም ሰፈሩንም ትተን፣ ደብዳቤውን ጥቂት አሳጥረን እነሆ!

«ይድረስ ለተከበሩ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዕድሜዬ 24 ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ ስላጣሁ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ደመወዜ ከትራንስፖርትና ከምሳ አያልፍም። ከአራት ወር በፊት አንድ ጓደኛዬ ፎሬክስ አሳየኝ። መጀመሪያ በዴሞ ተለማመድ ስላለኝ በስልኬ 10,000 ዶላር ያለበት የልምምድ አካውንት ከፈትኩ። የመጀመሪያው ቶሎ ስላለቀብኝ ሌላ ከፈትኩ። በሁለተኛው ግን ዕድሌ ተከፈተ። ዩሮ በዶላር እየነገድኩ በስድስት ሳምንት ውስጥ 31,000 አደረስኩት! ብዙ ጊዜ ሦስት ሎት ነው የምከፍተው። አንዴ ወደ 4,000 ወርዶብኝ ነበር፤ ሆኖም ሳልደነግጥ ሦስት ቀን ጠበቅኩትና ተመለሰ።

አሁን በእውነተኛ ገንዘብ ልጀምር ነው። የራሴ ገንዘብ የለኝም። ነገር ግን ታላቅ እህቴ ቤሩት ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው። የምትልከውን ገንዘብ በስሜ ባንክ የማስቀምጥላት እኔ ነኝ። በሚመጣው ዓመት ጠቅልላ ስትገባ ትንሽ ሱቅ ልትከፍትበት ነው ያሰበችው። ጓደኛዬ ደግሞ ብሩን ተቀብሎ አካውንት ውስጥ ዶላር የሚያስገባ ሰው ያውቃል፤ 1,500 ዶላር ትሆናለች ብሎኛል። ከፈለግኩ ሰውየው ራሱ ሊነግድልኝም ይችላል። በሦስት ወር እጥፍ አድርጌ እህቴን ላስደንቃት ነው ሐሳቤ። ጓደኛዬ ‹ፋራ አትሁን፣ ገንዘብ ተኝቶ አይወልድም› ይለኛል። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?

እንቅልፍ ያጣሁት»

ወንድሜ እንቅልፍ ያጣኸው፤

መልሴን አላንዛዛብህም። በእህትህ ገንዘብ አትጀምር! ለምን እንደሆነ ግን ቁጭ ብለን እንነጋገር፤ «አትንካ» ብቻ የሚል ምክር ወጣትን አሳምኖ አያውቅም።

በመጀመሪያ ላመስግንህ። ስንቱ ሰው ዴሞ የሚባለውን ሳያይ ያለውን ሁሉ ሲያስገባ፣ አንተ ለመለማመድ ታግሠሃል። ለማያውቁ አንባቢዎቻችን ያህል፣ የልምምድ አካውንት ማለት ዋጋው እውነተኛ፣ ገንዘቡ ግን የውሸት የሆነ መለማመጃ ነው። ዩሮ ሲወጣና ሲወርድ በዓይንህ ታያለህ፤ ትገዛለህ፣ ትሸጣለህ፤ ብትከስር ኪስህ አይነካም። ስቶፕ ሎስ የት እንደሚቀመጥ፣ አንድ ፒፕ ስንት እንደሚያወጣ፣ የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነት ምን ያህል እንደሚበላ እዚያው በነፃ ትማራለህ። እስከዚህ ድረስ መንገድህ ትክክል ነው።

በአንድ መስመር ያለፍካት ነገር

ይሁን እንጂ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 31,000 ላይ ቃል አጋኖ አድርገህባታል። «የመጀመሪያው ቶሎ ስላለቀብኝ ሌላ ከፈትኩ» የምትለዋን ግን በአንድ መስመር አልፈሃታል። የኔ ወንድም፣ የደብዳቤህ ዋና ነገር እኮ እሷ ናት! 10,000 ዶላር ጠፋብህ፤ ስልክህን ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አደረግክና ሌላ 10,000 መጣልህ። የእህትህ ገንዘብ ሲያልቅስ? ሌላ ሰባት ዓመት ቤሩት ቁጭ ብላ ትሙላልህ?

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። አንድ ሙሉ ሎት 100,000 ዩሮ ነው። ዩሮ በዶላር ላይ አንድ ፒፕ፣ ማለትም ከነጥብ በኋላ ባለችው አራተኛ አሃዝ በአንድ ቁጥር ሲንቀሳቀስ፣ አንድ ሎት የያዘ ሰው 10 ዶላር ያገኛል ወይም ያጣል። ሦስት ሎት ከያዝክ በእያንዳንዱ ፒፕ 30 ዶላር ነው። ያኔ ከ10,000 ወደ 4,000 ስትወርድ፣ ሦስት ሎት ይዘህ ከነበረ ገበያው የዞረብህ 200 ፒፕ ብቻ ነው።

አሁን እዚያው ቦታ ላይ የእህትህን 1,500 ዶላር አስቀምጥ። 1,500 ለ30 ሲካፈል 50 ነው። ዩሮ 50 ፒፕ ከዞረብህ ገንዘቡ የለም። እንዲያውም መያዣህ ሲያንስ ብሮከሩ ራሱ ስለሚዘጋብህ 50 ሳይሞላም ያልቃል። 50 ፒፕ ደግሞ ለዩሮ የአንድ ከሰዓት መንገድ ነው። «ሳልደነግጥ ሦስት ቀን ጠበቅኩት» ያልከው ጀግንነት በእውነተኛው አካውንት ላይ ሦስት ሰዓትም ላይሰጥህ ይችላል።

ለመሆኑ 1,500 ዶላር ይዞ 300,000 ዩሮ ማንቀሳቀስ እንዴት ተቻለ? ሌቨሬጅ የሚሉት ነገር ነው ጉዱ። አንዳንድ ብሮከር ለአንድ ዶላርህ የ500 ዶላር ጉልበት ይሰጥሃል። ጉልበቱ ግን ለትርፉም ለኪሳራውም እኩል ነው። ለዚህ ነው የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋና ዋና ገንዘቦች ላይ 1 ለ50፣ የአውሮፓው ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. 1 ለ30 ላይ የቆረጡት። የአውሮፓው ተቆጣጣሪ ያን ገደብ ሲያወጣ የየአገሩን ጥናት ጠቅሶ ነበር፤ ፎሬክስን በሚጨምረው በዚህ ዓይነቱ ንግድ ከ100 ተራ ደንበኞች አካውንት ከ74 እስከ 89 የሚሆነው ኪሳራ ላይ ነው ይላል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ዴሞ የማያስተምረው

በሰፈራችን በክብሪት እንጨት ካርታ ሲጫወት ማንም የማይችለው ልጅ ነበር። አንድ ቀን በብር እንጫወት ተባለ። ያ ልጅ እጁ ተንቀጠቀጠ። ጥሩ ካርታ ይዞ ወረደ፤ መጥፎ ይዞ በእልህ ጨመረ። ካርታው ያው ነው፤ የተለወጠው ልቡ ነው። አንተም 31,000 ያደረስከው ምንም ስለማይጎዳህ ሊሆን ይችላል። የእህትህ ገንዘብ 20 ፒፕ ሲቀነስበት ግን ያ ሳይደነግጥ የጠበቀው ሰው አንተ አትሆንም።

ሌላም አለ። በዴሞ ላይ ትእዛዝህ አብዛኛውን ጊዜ ባልከው ዋጋ ይፈጸማል። በእውነተኛው ገበያ ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ይከላከል ነበር። ጥር 7 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ሳይታሰብ መከላከሉን ተወው። በደቂቃዎች ውስጥ ዩሮ ከአንድ ፍራንክ በታች ወረደ። ከ1.20 ጥቂት ዝቅ አድርገው ስቶፕ ሎስ ያስቀመጡ ሰዎች በዚያ ዋጋ የሚገዛቸው አላገኙም፤ እጅግ ርቆ ተዘጋባቸው። ካስገቡት በላይ ዕዳ የወጣባቸው ነበሩ። የከሰረ ብሮከርም ነበር። እንዲህ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ አይመጣም፤ ግን ሲመጣ አያስጠነቅቅም።

እንግዲያው እንዴት ልለማመድ?

ፎሬክስን መማር ከፈለግክ ተማር፤ ዕውቀት ነው። ግን ልምምድህን እውነተኛውን እንዲመስል አድርገው።

አንደኛ፣ 10,000ውን ተወው። ዴሞ ሲከፈት የገንዘቡን መጠን ብዙ ጊዜ ራስህ ትመርጣለህ። አንድ ቀን ከራስህ ኪስ ልታወጣ የምትችለውን ያህል ብቻ ጻፍ። 100 ዶላር ከሆነ 100 በል። ሌቨሬጁንም ዝቅ አድርገው።

ሁለተኛ፣ በአንድ ንግድ ከገንዘብህ ከመቶ አንድ በላይ ለአደጋ አታጋልጥ። በ100 ዶላር ይህ አንድ ዶላር ነው። ትንሿ ሎት፣ 0.01፣ በፒፕ 10 ሳንቲም ስለምታወጣ ስቶፕ ሎስህ 10 ፒፕ ላይ ይሆናል ማለት ነው። ጠበበኝ ካልክ ገንዘቡ ለዚህ ንግድ አይበቃም ማለት ነው፤ ይህንንም ማወቅ ትምህርት ነው። ግማሹን የከሰረ ሰው ወደ ነበረበት ለመመለስ 100 ከመቶ ማትረፍ እንዳለበት አትርሳ።

ሦስተኛ፣ ደብተር ያዝ። ለምን ገባሁ? የት እወጣለሁ? ያልኩትን አደረግኩ ወይስ ስቶፕ ሎሱን አንስቼ «ይመለሳል» ብዬ ጠበቅኩ? መጨረሻ ላይ የምትቆጥረው ትርፉን ሳይሆን ይቺን ሦስተኛዋን ጥያቄ ነው። አንተ እንደ 31,000ው የምትኮራባት የ4,000 ታሪክ በደብተር ላይ ስህተት ተብላ ነው የምትመዘገበው። ዕድል አዳነችህ እንጂ አንተ አልዳንክም።

አራተኛ፣ ዜና የሚወጣበትን ሰዓት ዕወቅ። የአሜሪካ የሥራ ቅጥር ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፣ እዚያ ብርድ በሚሆንበት ወቅት 10 ሰዓት ተኩል ይወጣል። ያኔ ዋጋው ወዲህና ወዲያ ሲዘል ቁጭ ብለህ ተመልከት። መብራትና ኔትወርክ በድንገት ሲሄዱብህ ስቶፕ ሎስ የሌለው ንግድ ከፍተህ ከሆነ ምን እንደሚሆን ደግሞ አስብ።

አምስተኛ፣ ዴሞው ካለቀ ሌላ አትክፈት። ሞተ በል። አንድ ወር ደብተርህን እያነበብክ ተቀመጥ። ይህ ቅጣት ከበዛብህ እውነተኛውን አትችለውም። ሳያልቅብህ ቢያንስ ሦስት ወርና መቶ ንግድ ያህል በሕግህ ከኖርክ ግን ያኔ የምትነጋገርበት ነገር ይኖርሃል።

ያ ብር ተቀባይ ሰውዬ

እዚህ ላይ ቆጣ ልበልህ። ብርህን በእጁ ተቀብሎ የሆነ አካውንት ውስጥ ዶላር አስገባሁ የሚል ሰው ደረሰኝ ይሰጥሃል? በአገራችን የውጭ ምንዛሪ የሚመነዘረውም ወደ ውጭ የሚወጣውም ፈቃድ ባላቸው ተቋማት በኩል በብሔራዊ ባንክ ደንብ ነው። በጎን የሄደ ገንዘብ ሲጠፋ የት ሄደህ ትከሳለህ? ብትከስስ ተጠያቂው አንተም ነህ። «እኔ ልነግድልህ» የሚል ሰውማ ከሁሉ የባሰ ነው። እጥፍ ማድረግ የሚያውቅ ሰው በራሱ ገንዘብ ያደርገው ነበር፤ የፎቶ ኮፒ ቤት ሠራተኛ ምን ያስፈልገዋል? ማንም ፈቃድ አለኝ ቢልህ ከብሔራዊ ባንክና ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ሳታረጋግጥ አምስት ሳንቲም አታውጣ።

እህትህ

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። ልታስደንቃት አስበሃል። ማስደነቅና ማስደንገጥ ግን ጎረቤታሞች ናቸው። ያ ገንዘብ በስምህ ይቀመጥ እንጂ የአንተ አይደለም፤ አደራ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

አንድ ፈተና ልስጥህ። ዛሬ ማታ ደውልላትና «እህቴ፣ ገንዘብሽን ፎሬክስ ላይ ላውለው ነው፤ ሁሉም ሊያልቅ ይችላል» በላት። እነዚህን ቃላት ከአፍህ ማውጣት ከከበደህ መልሱን ከእኔ መስማት አያስፈልግህም። እንቅልፍ የነሳህም ይኸው ይመስለኛል።

ከዚያ ይልቅ እንዲህ አድርግ። ባንክ ሄደህ ገንዘቡ በእሷ ስም የሚሆንበትን መንገድ ጠይቅ። በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በስማቸው የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ስለሚችሉ ስለዚያም ጠይቅላት። እስክትመጣ የማይነካ ከሆነ በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ተቀማጭም አለ፤ ወለዱ እጥፍ አያደርግም፣ ግን አንድ ከሰዓት ላይ አይጠፋም። ጓደኛህ ገንዘብ ተኝቶ አይወልድም ያለው ይህን ረስቶ ይሆናል። አካውንቲንግህንም አትናቅ። ሱቁ ሲከፈት ሒሳብ የሚይዝላት፣ ዕቃ የት እንደሚረክስ የሚያጠናላት ወንድም ያስፈልጋታል። ያንን ጥናት ዛሬውኑ ጀምር፤ ስትገባ የምታስደንቃት በእሱ ነው።

ፎሬክሱን ደግሞ በደብተርና በዴሞ ቀጥል። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ጻፍልኝ፤ ስንት አተረፍክ ብዬ ሳይሆን ስንቴ ሕግህን አፈረስክ ብዬ ነው የምጠይቅህ።

እስከዚያው ደህና እደር። ለሌሎቻችሁም ቸር ሳምንት ያድርግልን!